ባል የሌላት ሚስት

መስታወት ሁለት ወንድ አግብታለች ይባላል። የመጀመሪያው ሞቶም ባሏ እንደ ሆነ ቀረ። ሁለተኛው በሕይወት እያለ፣ አንድ ጣራ ሥር እያደረ፣ ከአንድ መሶብ እየበላ፣ ባሏ ሳይሆን ቀረ። ነገሩ እንዴት እንዲህ እንደ ሆነ ለመናገር ከመምህር አወቀ መጀመር ያስፈልጋል።

መምህር አወቀ መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መስታወትን ያገባት በወጉ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ዳስ አስጥሎ ነበር። ልጃቸው ጽዮን ድክ ድክ ማለት በጀመረች ሰሞን «ደረቴን ወጋኝ» አለ። ለሕክምና ደብረ ብርሃን ሄደ፤ ከሳምንት በኋላ ሬሳው መጣ። መስታወት ገና ወጣት ነበረች። ጠጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ዓመቱን አለቀሰች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ከእሷ ጋር የቀሩት ልጇና የባሏ ጡረታ ናቸው።

ጡረታው ብዙ አልነበረም። ነገር ግን አይቀርም። መንዝ ላይ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፣ በጉን በሽታ ይጨርሰዋል፤ የአወቀ ጡረታ ግን ወር በገባ ቁጥር ይመጣል። መስታወት እሱን ተማምና ልጇን አዝላ መሐል ሜዳ ከተማ ገባች፤ ወይዘሮ በዛወርቅ የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣ የበግ ጠጉር ትገዛለች፤ አጥባ፣ አፍታታ ትፈትላለች፤ ፈትሉን ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ትሸጣለች። እጇ ፈጣን ነው። ሆኖም ከፈትል የሚገኘው ለጨውና ለበርበሬ እንጂ ልጅ ለማስተማር የሚበቃ አይደለም።

ብሩ የሚባለው ሰው ወደ ኑሮዋ የገባው በግንብ በኩል ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ የወይዘሮ በዛወርቅን የድንጋይ አጥር ደረመሰው። መስከረም ሲጠባ ከግሼ የመጣ ግንበኛ ቀጠሩ፤ እሱ ነው ብሩ። እጁ ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ የሆነ ሰው። ድንጋይ ሲጠርብ ከአጠገቡ ሰው መኖሩን ይረሳል። ትንሿ ጽዮን ግን አጠገቡ እየሄደች ስትቀመጥ አይረሳትም፤ ከጥርቡ የሚረግፈውን ስብርባሪ እየሰበሰበ ትንንሽ ቤት ይሠራላት ነበር። አጥሩ ካለቀ በኋላም «እስቲ መጋጠሚያውን ልየው» እያለ ይመጣል። ወይዘሮ በዛወርቅ «ይህ ሰው የሚያየው መጋጠሚያ የቱ ይሆን?» ብለው ይስቁ ጀመር።

አንድ ቀን ብሩ መስታወትን ከውኃ ስትመለስ ጠብቆ አገኛት።

«ሽማግሌ ልልክብሽ ነው» አላት።

መስታወት ጀሪካኑን አወረደች። ደስ ብሏታል። ደስታዋም አስደንግጧታል።

«ካገባሁ የአወቀ ጡረታ ይቆማል» አለችው።

«ይቁም። እኔ አለሁ አይደል?»

«በበጋ አለህ። በክረምት ግንብ የሚያሠራህ ማነው? ለልጄ ድንጋይ ላብስልላት?»

ብሩ ሳቀ። እሷም ሳቀች። የተናገረችው ግን እውነት ነው። ብሩ ጀሪካኑን አነሣላትና «እንግዲያስ ሳንጋባ እንጋባ» አለ።

ያን ጊዜ ቀልድ ይመስል ነበር። ብሩ ከአንድ የጽሕፈት ቤት ሰው እንደ ሰማው፣ ሴቲቱ አርባ አምስት ዓመት ካለፋት በኋላ ብታገባ ጡረታው አይቆምባትም። «እስከዚያ እንዲሁ እንኖራለን፤ ኋላ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ጻድቅ ያቆርቡናል» ተባባሉ። አርባ አምስት ለመሙላት መስታወት ያን ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ ይቀራት ነበር። ሰው ሲዋደድ ዓመት አይቆጥርም።

ጡረታው እንዳይቋረጥ መስታወት በየዓመቱ ቀበሌ እየሄደች አለማግባቷን ማስመስከር ነበረባት። ወይዘሮ በዛወርቅና ባለሱቁ አቶ አባይነህ አብረዋት ይሄዳሉ። «ባል የላትም፤ ልጇን ይዛ ብቻዋን ነው የምትኖረው» ይላሉ፤ ይፈርማሉ፤ ይመለሳሉ። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው። ወይዘሮ በዛወርቅ በመንገድ ላይ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ለየቲም ልጅ ተብሎ ነው፤ እግዜር ያውቃል» እያሉ ያማትቡ ነበር። አቶ አባይነህ ወደ ሱቃቸው ይቸኩላሉ።

አንድ ጊዜ ከጡረታ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ቤት ለቤት ያጣራሉ ተብሎ ተወራ። እውነትም አንዲት ሴት ደብተር ይዛ መጣች። ብሩ እቤት ነበር፤ ጫማውን አውልቆ በሶ እየጠጣ። መስታወት ባለችበት ቆመች። ብሩ ግን ብድግ አለ፤ መዶሻውን አነሣ፤ ምንም ያልሆነውን ግድግዳ ቀጭ ቀጭ ያደርግ ጀመር። ሴትዮዋ «እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» ብትል «ግንበኛው ነው» አለች መስታወት። ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ሁለቱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪያማቸው ድረስ ሳቁ። ጽዮን ለምን እንደሚስቁ ሳይገባት አብራቸው ሳቀች።

ከዚያ ብሩ በማኅበር ተደራጅቶ ከከተማው ዳር የቤት መሥሪያ ቦታ ደረሰው። ሲመዘገብ «ያላገባ» ብሎ ነው። ሌላ ምን ሊል ይችላል? ካርታው በእሱ ስም ብቻ ወጣ። መስታወትም አልከፋትም፤ እንዲያውም ይሻላል ብላ ነበር፣ ስሟ ከእሱ ስም ጋር በየትም ወረቀት ላይ እንዳይገናኝ።

ቤቱን የሠሩት ሁለቱ ናቸው። ብሩ ድንጋዩን ከገደሉ አፋፍ ያወጣል፤ መስታወት ውኃ ትቀዳለች፣ ጭቃ ትረግጣለች፣ የሚያቀብል ሠራተኛ ሲጠፋ ድንጋይ ታቀብላለች። በጠዋት ጭቃው በውርጭ ስለሚጠጥር ፀሐይ እስክትጠነክር ይጠብቃሉ፤ እስከዚያ እሷ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ትፈትላለች። የጣራውን ቆርቆሮ የገዛችው እሷ ናት፤ ከአወቀ ጡረታ ስታጠራቅም በኖረችው። ቆርቆሮው በተመታ ዕለት ብሩ ጣራው ላይ ቆሞ «መስታወት፣ የመንዝ ንፋስ ከዚህ በኋላ አያገኝሽም!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ጎረቤቱ ሁሉ «የብሩ ሚስት» ይላታል። ለሠርግ አብረው ይጠራሉ፤ ለለቅሶ አብረው ይሄዳሉ። ባል እንደሌላት የሚነገረው በዓመት አንድ ቀን፣ ቀበሌ ውስጥ ብቻ ነው።

ልጅ ግን አልወለዱም። ይህም ከዚያው ነገር የመጣ ነው። ባል የላትም የተባለች ሴት ሆዷ ቢገፋ ምን ይባላል? መስታወት ጤና ጣቢያ እየሄደች የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋ ነበር። ብሩ ያውቃል። «ጽዮን አለችን» ይላል። ጽዮንም «ጋሼ» ትለዋለች፤ ጫማዋን የሚገዛላት፣ ትምህርት ቤት ስትጠራ ወላጅ ሆኖ የሚቆምላት እሱ ነው። ዓመቱ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ግንባታው ሲበዛ ብሩ ሥራ ፍለጋ እዚያ መሰንበት ጀመረ። መጀመሪያ ለሳምንታት፣ ኋላ ለወራት። ሲመጣ ለጽዮን ደብተር፣ ለመስታወት ነጠላ ይዞ ይመጣል። አንድ ዓመት ግን ለታናሽ ወንድሙ ልጅ ክርስትና ግሼ ሄደና ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። አይበላም። ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል። መስታወት የታመመ መስሏት ጤና አዳም በወተት አፍልታ ሰጠችው።

«ወንድሜ የአራተኛ ልጁን ክርስትና አስነሣ» አላት ኩባያውን ይዞ። «እናቴ ከሰው ፊት ‹የብሩ ቤት ሊዘጋ ነው› አለች።»

«ጥቂት ጊዜ ነው የቀረን» አለች መስታወት። «አርባ አምስት ሲሞላኝ...»

«አርባ አምስት ሲሞላሽ ትወልጃለሽ?»

ብሩ ወተቱን ሳይጠጣ አስቀመጠው።

መርፌውን ተወች። ለአንድ ዓመት ከዚያም በላይ ተስፋ አደረገች። በየወሩ ተስፋዋ ይመጣል፣ በየወሩ ይሄዳል። ጠበል ሄደች፤ ለማርያም ተሳለች። ማኅፀኗ ዝም አለ። ብሩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ክፉ ቃል አልተናገራትም። መምጣቱን ብቻ እያራቀው ሄደ። ከፋሲካ በኋላ ከግሼ የመጣ ሰው፣ ብሩ በቤተሰቡ አገር አንዲት ልጃገረድ አግብቶ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ድግስ ተበልቶ እንደ ነበር ለአቶ አባይነህ ነገራቸው። አቶ አባይነህ ለወይዘሮ በዛወርቅ ነገሩ። ወይዘሮ በዛወርቅ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ መናገር አቅቷቸው ቆይተው፣ በሦስተኛው መጥተው መስታወትን አቀፏት። መስታወት ማን እንደ ሞተ ጠየቀች።

ብሩ ራሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ቤቱን ልሸጠው ነው» አለ። «ደብረ ብርሃን ላይ ለመጀመር ገንዘብ ያስፈልገኛል። ክረምቱን ቆዪበት። መስከረም ላይ...» አልጨረሰውም።

መስታወት መጮኽ ፈልጋ ነበር። ያወጣችው ግን ሌላ ነገር ነው። «ምሳ በልተሃል?» አለችው። ብሩ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ወይዘሮ በዛወርቅ ይህን ሲሰሙ ነደዱ። «ያን ሁሉ ድንጋይ ያቀበልሽው ለሌላ ሴት ልጅ ነው? ሕግ አለ! ከፍርድ ቤቱ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ጠበቃ አለ፤ በዕውቀቱ ይሉታል፤ የድኻ ብዙ አይወስድም፤ ሂጂና አማክሪው» አሏት። እሷም ነጠላዋን ለብሳ ሄደች።

ጠበቃ በዕውቀቱ የመንዝ ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ትሑት። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፤ ሳያቋርጥ አዳመጣት። ስትጨርስ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር።

«እናቴ፣ አይዘኑ» አላት። «ያልተጋባ ሰው መብት የለውም የሚባለው ስሕተት ነው። ወንድና ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ሆነው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩትን ሕጉ የጋራ ነው ይላል። ካርታው በእሱ ስም መሆኑ ብቻውን የእሱ ብቻ አያደርገውም። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ አብራችሁ ትኖሩ እንደ ነበር፣ ሰውም እንደ ባልና ሚስት ያውቃችሁ እንደ ነበር የሚያስረዳ ምስክር። ጎረቤት አለዎት?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ሳበች።

በዕውቀቱ መጻፍ ጀመረ። ስም፣ አድራሻ፣ ቤቱ የት እንዳለ። ከዚያ እንደ ዋዛ «መተዳደሪያዎ ምንድን ነው?» አላት።

«ጠጉር እፈትላለሁ። የሟች ባለቤቴ ጡረታም አለችኝ።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ጡረታው አሁንም አለ? እስከ ዛሬ?»

«አለ።»

«ከአቶ ብሩ ጋር እየኖሩ?»

መስታወት ቀስ ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። በዕውቀቱ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር እያደረገ አስረዳት። ፍርድ ቤት ቀርባ «ይህን ያህል ዘመን የዚህ ሰው ሚስት ሆኜ ኖሬአለሁ» ካለች፣ ያንኑ ዘመን «ባል የለኝም» ብላ ጡረታ መውሰዷን በራሷ አንደበት መናገሯ ነው። ብሩ ይህን ያውቃል። እሱም ጠበቃ ካቆመ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ይሆናል።

«ከዚያስ ምን ያደርጉኛል?»

«የወሰዱትን መልሱ ሊሉ ይችላሉ። የሐሰት ማስረጃ የሚባል ወንጀልም አለ። የመሰከሩልዎትንም ሊነካ ይችላል።» እስክሪብቶውን ከደነ። «ላይሆንም ይችላል፣ እናቴ። ዳኛው የቤቱን ነገር ብቻ አይተው ሊያልፉ ይችላሉ። ግን አይሆንም ብዬ ልዋሽዎ አልችልም።»

«ቤቱን ባገኝ የተጠየቅሁትን ለመክፈል ልሸጠው ነው ማለት ነው?»

በዕውቀቱ እስከ በሩ ሸኛት፤ ገንዘብ ልትሰጠው ብትል አልቀበልም አለ። ውጭ ንፋሱ አቧራ ያነሣ ነበር። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሚኒባስ ሰው ያራግፋል፤ ረዳቱ ይጮኻል። መስታወት ወዴት እንደምትሄድ ለአፍታ ጠፋት።

ማታውኑ ግን ለወይዘሮ በዛወርቅ ነገረቻቸው። ጠበቃው ስለ ምስክሮቹ ያለው ላይ ስትደርስ ባልቴቷ ፊታቸው ጠቆረ። ሲመክሯት ይህ ትዝ አላላቸውም ነበር።

«እትዬ፣ ይመሰክሩልኛል?» አለቻቸው መስታወት። መልሱን እያወቀች ነው የጠየቀችው።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ በዛወርቅ። «በየዓመቱ ባል የላትም ብዬ ፈርሜ፣ አሁን በየትኛው አፌ ባል አላት ልበል? በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት ልግባ?» አለቀሱ። «ግቢ ካልሽ እገባለሁ። አንቺ በይኝ እንጂ እገባለሁ።»

መስታወት እንዲህ አላለቻቸውም። እንባቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

ጽዮን ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበረች። የብሩን ማግባት ከሰው ሰምታ ደወለች። «እማዬ፣ ክሰሺው! አብረውን የሚማሩ የሕግ ተማሪዎች ጠይቄአለሁ፤ ግማሹ ያንቺ ነው ብለውኛል» አለች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። መስታወት «ኔትወርኩ አይሰማም» ብላ ዘጋችው። ኔትወርኩ ደኅና ይሰማ ነበር።

የቀረው ሽምግልና ነው። አባ ወልደ ጻድቅ የሁለቱም የንስሐ አባት ናቸው፤ ብሩን አስጠሩት። በቤታቸው ግቢ፣ ፀሐይ ባለበት በኩል፣ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አቶ አባይነህ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ወይዘሮ በዛወርቅ ከመስታወት ጎን ተቀመጡ። ብሩ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ከዳር ቆመ።

አባ ወልደ ጻድቅ ጸሎት አድርሰው ጀመሩ። «ብሩ፣ ከዚህች ሴት ጋር ስትኖር አይተናል። ቤትም አብራችሁ ስትሠሩ አይተናል። ብዙ ጊዜ ቁረቡ ብያችሁ አልሰማችሁኝም፤ እሱ ይቅር። አሁን ባዶ እጇን ልትሰዳት ነው?»

«አባ፣ ባዶ እጇን አልሰዳትም። የቤቱን ዕቃ ትውሰድ። የምችለውን ያህል ገንዘብም እሰጣታለሁ» አለ ብሩ። «ቤቱን ግን ልካፈል ብትል... እኔ ሚስት ፈታሁ ብዬ አልመጣሁም። እሷም ባሌ ነው ብላ በሕግ ፊት ተናግራ አታውቅም። እርስዎ ይጠይቋት።»

ሲናገር አያያትም። የሚያየው የግቢውን አጥር ነው፤ አጥሩን የካበው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

አባ ወልደ ጻድቅ የጡረታውን ነገር አያውቁም ነበር፤ ጥያቄው ቀላል መሰላቸው። ወደ እሷ ዞሩ። «መስታወት፣ ልጄ፣ ብሩ ባልሽ ነው?»

መስታወት ቀና አለች። አቶ አባይነህ አንገታቸውን ደፍተው የከዘራቸውን ጫፍ መሬት ላይ ያሽከረክራሉ። ከጎኗ የወይዘሮ በዛወርቅ ትንፋሽ ይሰማታል፤ አጭር አጭር። በሩ አጠገብ ሰው ተሰብስቧል። የሁሉንም ፊት አየች። አዎ ብትል እውነት ነው፤ እውነቱን ደግሞ ያልሰማ ጆሮ በሰፈሩ የለም። ግን በዚህ ቦታ፣ በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ወዴት ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም።

«አይደለም» አለች።

ብሩ ድንገት ቀና ብሎ አያት። ሊያስፈራራት የመጣ ሰው አይመስልም ነበር። በጥፊ የተመታ ሰው ይመስል ነበር። ኮፍያውን አደረገና መልሶ አወለቀው።

«እንግዲያ ምን ልንል እንችላለን?» አሉ አባ ወልደ ጻድቅ ግራ ተጋብተው። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ተያዩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚሉትን ያውቃሉ፤ ባልና ሚስት ያልሆኑ ሲለያዩ የሚባለውን አያውቁም። ዞሮ ዞሮ ብሩ ራሱ ያቀረበውን መልሰው ፈረዱ። ክረምቱን ትቆያለች፤ ዕቃውን ትወስዳለች፤ ገንዘብ ይሰጣታል። አቶ አባይነህ ሲወጡ እጇን ጥብቅ አድርገው ጨበጧት። አመሰገኗት ይሁን ይቅርታ ጠየቋት አልለየላትም።

ክረምቱን በዚያ ቤት ውስጥ ብቻዋን ከረመች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንደ ቀድሞው አልደነገጠችም፤ አልተደሰተችምም። የሚያፈሰውን ቦታ አይታ አልጠገነችውም፤ ከዚያ ደግሞ እጇ አላስችል ብሏት ጠገነችው። መስከረም ላይ ከዓለም ከተማ የመጣ እህል ነጋዴ ቤቱን ገዛ። ሊያየው የመጣ ዕለት ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ «ጥሩ እጅ ነው የሠራው» አለ። መስታወት በሩን ይዛ ቆማ ነበር። «አዎ» አለችው።

ወይዘሮ በዛወርቅ ያችኑ የድሮ ክፍል ሰጧት፤ ኪራይ አልወስድም አሉ። አልጋው፣ ሣጥኑና የጠጉሩ ከረጢት ሲገባ መቆሚያ እንኳ አልቀረም። ብሩ ቃሉን ጠብቆ ገንዘቡን በሰው ላከ። ብዙ አልነበረም፤ መልሱልኝም አላለችም።

ጽዮን ለዕረፍት የመጣችው ጥር ላይ ነው። ወደ ድሮው ቤት ሄዳ የማታውቀው ሰው በሩን ከከፈተላት በኋላ ነው እናቷ ያለችበትን የጠየቀችው፤ መስታወት መልቀቋን አልነገረቻትም ነበር። ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችና ቆመች።

«ለምን አልከሰስሽውም? ንገሪኝ። ለምን?»

መስታወት ነገረቻት። ቀበሌውን፣ ምስክሮቹን፣ ጠበቃውን፣ በአባ ወልደ ጻድቅ ግቢ ያለችውን። መርፌውንም ነገረቻት፤ ለልጅ ይነገራል ብላ አስባው የማታውቀውን። ጽዮን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለእኔ ብለሽ ነዋ» አለች በመጨረሻ።

«ላንቺም ለእኔም። ኑሮ ነው፤ ያን ጊዜ መዋሸት አልመሰለኝም። ሁሉም ሰው ያውቅ ስለ ነበር።»

ጽዮን ብድግ ብላ ወጣች። ብሩ ቀድሞ ጀምሮት የነበረውን ሥራ ሊጨርስ መሐል ሜዳ መጥቶ፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ እየገነባ መሆኑን ወይዘሮ በዛወርቅ አምልጧቸው ተናግረው ነበር። መስታወት ልትከለክላት ብላ ከበሩ ደርሳ ተመለሰች። አልተከተለቻትም። ጠጉሩን አወጣችና መለየት ጀመረች፤ ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ። ተደባለቀባት። እንደገና ጀመረች።

ጽዮን ስትመለስ ፀሐይዋ ከአጥሩ በታች ወርዳ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«ልሰድበው ነው የሄድኩት» አለች። «በመንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ሳየው ግንብ ላይ ነው። ‹ጽዮኔ› አለኝ። ወረደ። ትምህርት እንዴት ነው አለኝ። ብርድ እንዳይመታሽ አለኝ።» እጇን ከኪሷ አወጣች፤ የተጨማደደ ብር ይዛለች። «ለመሳፈሪያ ብሎ ሰጠኝ፤ ተቀበልኩት። እማዬ፣ አንድ ቃል እንኳ አልተናገርኩትም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት አሉ።»

መስታወት የያዘችውን ጠጉር ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጽዮን እናቷ ታለቅሳለች፣ ወይም ትቆጣለች፣ ወይም ገንዘቡን ወርውሪው ትላለች ብላ ጠበቀች።

«ከስቷል?» አለች መስታወት።

«አልከሳም» አለች ጽዮን።